ለቅሶ ሰበብ አይሆንም

ሴት የውሃ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ ከደሴው መንገድ ወረድ በሉና ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ቀወት ገጠር ግቡ። ባጃጁ እስከቻለው ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ በቦዩ ዳር በእግር ነው። ሽንኩርቱ መሀል ቀሚሷን ሰብስባ ያሸረጠች፣ ገና ከሩቅ «ማነህ አንተ? ቦዩን እንዳትረግጠው!» ብላ የምትጮህ ሴት ካጋጠመቻችሁ ፈሪሃ እሷ ናት። አሁን አካፋው ከእጇ ወጥቷል። ጩኸቷ ግን የትም አልሄደም።

የውሃ አባት ማለት ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣውን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው። ዛሬ የማን ይከፈታል፣ የማን ይዘጋል፣ እሱ ካለ አለቀ። አገሩ ቆላ ነው። በግንቦት አንድ ተራ ያመለጠው ሽንኩርት ሽንኩርት ሆኖ አይወጣም። ታዲያ ይህን አካፋ የሚይዝ ሰው ወይ ይፈራል ወይ ይጠላል። ፈሪሃ፣ አላህ ይይላት፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አገኘችው።

እንዴት እንደተሾመች ልንገራችሁ። ከእሷ በፊት የነበሩት ወንዶች ሁሉ አንዱ ለአማቹ፣ አንዱ ለአበልጁ፣ አንዱ ለሚስቱ ወንድም ሲያደላ፣ በመጨረሻ ሰዎች በአካፋ እጀታ ተፈናከቱ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የማያዳላ ሰው ማን አለ? ቢሉ ቢያስቡ የለም! ከአሊዩ አምባ በሙሽርነት የመጣች፣ ባሏ ሙሄ አንድ ማሳ ትቶላት የሞተባት፣ ከልጇና ከወንድሟ ከአብዱልሰመድ በቀር እዚህ ዘመድ የሌላት ፈሪሃ ብቻ ተገኘች። አብዱልሰመድም በርበሬና ጨው ቸርቻሪ እንጂ በቦዩ ላይ ማሳ የለውም። «እንግዲህ ወንድ ጠፍቶ ሴት ልንሾም ነው?» አለ አንዱ። ፈሪሃ ከኋላ ሆና «ወንድማ ሞልቷል፤ ሰው ነው የጠፋው» አለች። አካፋውን ሰጧት።

«እንግዲህ የውሃ እናት እንበልሽ?» አሏት።

«እናት ካላችሁኝማ አንጀቷ ይራራል ብላችሁ ልትጫወቱብኝ ነው። ወግ አይደል? አባት በሉኝ!»

አባት አሏት። አንጀቷም አልራራም። የመጀመሪያ ሥራዋ ለቅሶን መግደል ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሰፈር ተራው የራቀበት ሰው ሁሉ ዘመድ ይሞትበት ነበር። «ካራቆሬ አጎቴ አርፎ ቀብር ልሄድ ነውና ተራዬን ከፊት አድርጉልኝ» ይላል አንዱ። «ደብረ ሲና አክስቴ አረፈች፣ ያለፈኝን ተራ መልሱልኝ» ትላለች ሌላዋ። አንድ ሰው አንዲቱን አክስቱን በአንድ በጋ ደጋግሞ ቀበራት። ሴትየዋ ደግሞ ከርማ ለአረፋ ሰሞን ዱብ ዱብ እያለች ልትጠይቀው መጣች! ፈሪሃ ሰዉን ሰበሰበችና ሦስት ነገር ተናገረች፦ ተራ አይሸጥም፤ ተራ አይሰጥም፤ ለቅሶ ሰበብ አይሆንም። ተራው በደረሰ ሰዓት ማሳው ላይ ያልተገኘ፣ ንጉሥ ይሁን ሙሽራ፣ ዙሩ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ተራውን ለሌላ የሰጠም የሚቀጥለው ዙር ያልፈዋል።

ያኔ ተክሌ እጁን አወጣ። ተክሌ የሙሄ የልብ ወዳጅ የነበረ፣ ፀጥ ያለ ሰው ነው። ሙስሊም ሞተ ክርስቲያን ሞተ ሳይል ዶማውን ይዞ መቃብር ለመቆፈር ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው።

«እውነተኛ ለቅሶ ሲሆንስ፣ ፈሪሃ?»

«እውነተኛውንና የውሸቱን ማን ይለይልኛል፣ ጋሽ ተክሌ? ሬሳውን አምጥታችሁ አሳዩኝ ልበል?»

ሰዉ ሳቀ። ተክሌም ሳቀና ተቀመጠ። ለቅሶው ሁሉ በአንድ ሳምንት ቀጥ አለ፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ጤና ሆነ።

በዓመቱ የሰዲቅ እናት ሞቱ። ይሄ እውነተኛ ነበር፤ ሬሳውንም ሁሉም አየ። ሰዲቅ ጎልማሳ ነው፣ ማሳው ከተክሌ ማሳ ቀጥሎ ነው። ተራው የቀብሩ ዕለት ነበርና አመለጠው። መጥቶ ለመናት፤ አይሆንም አለች። ማሳው ላይ የዘራው ማሾ ደረቀ። ሰዲቅ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋን በአፉ ይመልሳል እንጂ ዓይኗን አያይም። እሷም አላዘነችም አልልም፤ ግን «ለአንዱ ከፈታሁ ለሁሉም ከፈትኩ» አለችና ዋጠችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሏታል ከኋላዋ። ትሰማለች።

ከዚህ በኋላ ነው ያቺ ስልጠና የመጣችው። የየቦዩን የውሃ አባቶች ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቧቸው። ሳምራዊት የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ፊታቸው ቆመችና «እሴት» አለች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «እሴት ማለት» አለች ሳምራዊት፣ «ምንም ቢመጣ የማትለውጡት ነገር ነው። ሁላችሁም ለራሳችሁ አስቡና ንገሩኝ። ሲቸግራችሁ የምትወስኑት በሱ ነው።»

የሌሎቹን ተዉት፤ አንዱ «ሰላም» አለ፣ አንዱ «ልማት» አለ፣ አንዱ ምሳ መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ፈሪሃ ተነሥታ «ተራ፣ እውነት፣ ጉርብትና» አለች። አላመነታችም። እነዚህን ሦስቱን ሸጬ አላውቅም ብላ ታምናለች።

«በጣም ጥሩ! ሦስቱ ቢጋጩብዎትስ የትኛውን ያስቀድማሉ?»

«አይጋጩም።»

«ቢጋጩስ?»

«አይጋጩም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ! ሦስት ልጅ ቢኖርሽ የትኛውን ታስቀድሚያለሽ?»

ሳምራዊት ትንሽ አሰበችና «የታመመውን» አለች።

አዳራሹ አውካካ። ፈሪሃ ተናደደች። መልሱ ጥሩ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደዳት። «እንግዲያው ተራን!» አለችና ተቀመጠች። አጨበጨቡላት። አብረዋት የነበሩት አገር ቤት ሲመለሱ አወሩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «እትዬ ተራ» ሆነ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ግንቦት እንምጣ። ውሃው ቀጭኗል። ከላይ ያሉት በሞተር እየሳቡት ወደ ታች የሚደርሰው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ ሊያኮርት የደረሰበት፣ ውሃ ውሃ የሚልበት ጊዜ። አንድ ጠዋት የተክሌ ተራ ገባ። ተክሌ ማሳውን ከፍቶ ገና የመጀመሪያውን መደብ ሳያጠጣ፣ ሰው እየሮጠ መጣ፦ አብዱልሰመድ ሱቁ በር ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ። ሞተ።

ተክሌ አካፋውን መሬት ላይ ተከለ፣ ዶማውን አነሣ፣ ሄደ። ሚስቱ ሸዋዬም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ፈሪሃ ቤት ሮጠች። የሙስሊም ቀብር አያድርም፤ የዚያ ሰፈር መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው። ተክሌ ቀትር ላይ ላቡ እየተንጠባጠበ አብዱልሰመድን የሚያህል ሰው የሚያስተኛ ጉድጓድ ቆፈረ። ውሃው ማሳው ላይ ሰው ሲያጣ ቦዩን ጥሶ መንገዱን አረጠበ፣ ተመልሶ ወንዝ ገባ። ለማንም ሳይሆን ቀረ። ጀንበር ስትጠልቅ የተክሌ ተራ አለፈ።

ፈሪሃ ይህን የሰማችው ሰደቃው ከተበላ በኋላ ነው። የነገረቻት ልጇ ሩዋይዳ ናት፤ ሩዋይዳ ምላሷ ስለት ነው። «እማ፣ ጋሽ ተክሌ ተራው አለፈው። ለአጎቴ መቃብር ሲቆፍር።»

ፈሪሃ ከምንጣፉ ብድግ አለች። ሀዘንተኛ መሆኗንም ረሳችው። ተክሌ ዳሱ ጥግ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል።

«ጋሽ ተክሌ! ውሃውን ጥለው መጡ?»

«መጣሁ።»

«ሰው አያስቀምጡም ነበር? ምን ነካዎት?»

«ማንን ላስቀምጥ? ሰው ሁሉ እዚህ ነበር» አለ ተክሌ ረጋ ብሎ። «ደግሞስ ወንድምሽ አፈር ሳይለብስ እኔ ሽንኩርት ላጠጣ?»

ዞራ ገባች። ያናደዳት ሌላ ነገር ነው፤ ተክሌ ምንም አልለመናትም። ቢለምናት «ሕግ ነው» ብላ ትቆጣ ነበር፣ ይቀላት ነበር። ሰውዬው ግን ዱአው ላይ «አሚን» ብሎ፣ «አላህ ያጽናሽ» ብሎ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። አቤት ዝም የሚል ሰው ሲያናድድ!

በማግስቱ ማሳውን ልታይ ወጣች። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆኖ መታጠፍ ጀምሯል። ዙሩ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ምንም አይቀረው። እስከዚያ ይሄ ማሳ ለፍየል ነው። ተክሌ ደግሞ ሌላ ማሳ የለውም፤ የዓመት ጉርሱም ልብሱም ይቺው ናት። ፈሪሃ ቦዩ ዳር ቁጭ ብላ ያቺን የአዳራሹን ልጅ ረገመቻት። አይጋጩም ብዬሽ አልነበር? ተጋጩልሽ፣ ደስ ይበልሽ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እሷ ደግሞ ሦስት ዛፍ ላይ ነው የወጣችው።

ከዚያ ተነሥታ ሰዲቅ ጋ ሄደች። ተራው የሱ ነበር፤ እግሩ ጭቃ ውስጥ፣ ማሳውን ያጠጣል።

«ሰዲቅ፣ ሰውየው መቃብር ሲቆፍር ነው ያመለጠው። ሁላችንም ተስማምተን ጥቂት ውሃ ብናካፍለው ምን ይመስልሃል?»

ሰዲቅ ቀና አላለም። «እትዬ ፈሪሃ፣ ተራ አይሰጥም ያሉት ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለቅሶ ሰበብ አይሆንም ያሉትስ?»

«እኔው ነኝ፣ አልካድኩም።»

«የእናቴን ለቅሶ ያስታውሱታል?»

«አስታውሰዋለሁ።»

«ማሾዬን ያስታውሱታል?»

ሰዲቅ ያኔ ቀና አለና ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ዓይኗን አያት። «አላህ ወንድምዎን ይማራቸው። ሕጉ ግን ለእኔ እናትም ለእርስዎ ወንድምም አንድ ይሁን። ሌላ አልለመንኩዎትም።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ፈሪሃ ቤቷ እስክትገባ ከራሷ ጋር ተጣላች። ሰዲቅ እውነቱን ነው። ተክሌም ምንም አላጠፋም። ሕጉም የተሠራው ለሌባ አልቃሾች ነበር እንጂ ለሱ አይደለም፤ አሁን ግን የያዘው ሌባውን ሳይሆን መቃብር ቆፋሪውን ነው። እህል አልቀመሰችም። ሩዋይዳ ብትለምናት ጮኸችባት፤ ዶሮዋ ብታልፍ ዶሮዋም ላይ ጮኸች።

ጁምዓ ቀን የራሷ የፈሪሃ ተራ ደረሰ። የሮቢት ቀትር ነው፤ ወንዱ መስጊድ፣ የቀረው ሰው ጥላ ስር፣ ውሻ እንኳ የማይንቀሳቀስበት ሰዓት። ፈሪሃ ማሳዋ ራስ ላይ ቆመች። የሷም ሽንኩርት ተጠምቷል፤ ይታያታል። «የታመመውን» ያለችው ልጅ ድምፅ ጆሮዋ ላይ እንደ ትንኝ አልወጣ አላት። በቃ፣ አፈር የሞላውን ማዳበሪያ ጎተተችና የራሷን ማሳ ዘጋች፣ የተክሌን ከፈተች። ውሃው ሰተት ብሎ ገባ። እስኪጠግብ ቆማ አጠጣችለት።

ሩዋይዳ ምሳ ይዛላት መጣች። ደረቁን የራሳቸውን ማሳ አየች፤ እርጥቡን የተክሌን አየች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር» አለች።

«ዝም በይ! ምሳውን አምጪ።»

ተክሌ ያመሰግናታል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። አመሻሹ ላይ ፊቱ ጠቁሮ በሯ ላይ ቆመ። ያ ፀጥተኛ ሰው እንዲህ ሲቆጣ ያየው የለም።

«ፈሪሃ! እኔ ለምኜሽ ነበር?»

«አልለመኑኝም።»

«ስንት ሰው አክስቱን እየገደለ ውሃ ሲሰርቅ እኔ አንድ ቀን ሰበብ አቅርቤ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ ምነው ሌባ አደረግሽኝ? የወንድምሽን መቃብር በውሃ ሸጠው ሊባል ነው! አንድ አካፋ አፈር ለሰው ማልበስ እንዴት ዋጋ ይከፈልበታል? አይ አንቺ!»

ጥሏት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳት። እሷስ ብትሆን? ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ፤ ለእሷ ግን የታየው ድግስ የለም። ማሳዋ ደረቀ፣ ወዳጇ ተቀየመ፣ ሕጓ ፈረሰ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀትር!

የሚገርመው ደግሞ ሰፈሩ ነው። የሚቆጣት መስሏት ነበር፤ ሰፈሩ ግን ደስ አለው! ያገኛት ሁሉ ይጠቅሳታል። «እንኳንም ሰጠሽው፣ ነፍስ ነሽ» ይላታል። ቀጥሎም ጠጋ ብሎ «ለአማቴ ነገ ትንሽ ብለቅለትስ? አንቺ ሰጥተሽ የለም እንዴ?» ይላታል። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት አዲስ ለቅሶ ተሰማ፤ ያቺ የአረፋዋ አክስትም ዳግመኛ ታማለች ተባለ። ፈሪሃ ጸጉሯን ልትነጭ ምንም አልቀራት።

የቦዩ ሽማግሌ ጋሽ ተመስገን፣ በዱላ የሚሄዱ፣ ሁሉ የሚሰማቸው ክርስቲያን አዛውንት፣ ሊያባብሏት መጡ። «ልጄ፣ ነገር አታክሪ። ውሃው ራሱ ጥሶ ገባ እንላለን። ውሃ አይደለም እንዴ? ይጥሳል። ሕጉም አልፈረሰ፣ አንቺም አላጠፋሽ፣ ተክሌም አልተነካ።»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም! ያንገበገበኝ እሱ ነው!»

ሩዋይዳም ቢሆን «እማ፣ ለአንድ ጊዜ ዝም ብትይ ምን ትሆኛለሽ?» አለቻት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ የሚያቀርቡላትም ውሸት የደግ ሰው ውሸት ነው። ፈሪሃ ሌት ተቀን ስትገላበጥ ያወቀችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ተራን መጣስ አሳዝኗታል እንጂ ሊታገሡት ይቻላል፤ ውሃው ራሱ ጥሶ ገባ ብሎ ነገ አካፋ ይዞ ሰው ፊት መቆም ግን አይቻልም። ይህን ያኔ አዳራሹ ውስጥ ብታውቀው ምናለበት! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

በሳምንቱ እሁድ ከሰዓት፣ ክርስቲያኖቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ሰዉ ሁሉ ቁርቁራው ዛፍ ስር ተሰበሰበ። ጋሽ ተመስገን ስለ ቦይ ጠረጋ ሊጀምሩ ሲሉ ፈሪሃ ተነሣች።

«ውሃው ራሱ አልገባም። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ጋሽ ተክሌ አልለመኑኝም፣ ለምነውም አያውቁም። የራሴን ተራ ሰጠኋቸው፤ ተራ አይሰጥም ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ።»

«ተይ እንጂ!» አሉ ጋሽ ተመስገን።

«አልተውም፣ ጋሼ! አልጨረስኩም። ለሰዲቅ የነሳሁትን ነው ለጋሽ ተክሌ የሰጠሁት። የሰዲቅ እናትም ሞቱ፣ የሰዲቅም ማሳ ደረቀ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ አሁን የሞተው የእኔ ወንድም ነው።»

ጫጫታው ፈነዳ። ማን ላይ? እሷ ላይ! አጥፍተሽ ሳለ ዝም ብንልሽ ምነው ታሳጪናለሽ ነው ነገሩ። አማቱን ሊያጠጣ ተስፋ ያደረገው ከሁሉ በላይ ጮኸ። ተክሌ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ነጠላውን አራግፎ ሄደ። ፈሪሃ አካፋውን ሽማግሌው እግር ስር አኖረችው። ተራ የሰጠ ሰው የሚቀጥለው ዙር ያልፈዋል፤ ይሄም የራሷ ሕግ ነው፤ እሱንም ራሷ አስታወሰቻቸው።

ጋሽ ተመስገን ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሹ። «እህ... እንግዲህ ማን ይያዘው? ሰዲቅ! አንተ ያዝ። ከሁሉ የተበደልክ አንተ ነህ፤ ቢያንስ በሕጉ አትቀልድም።»

ሰዲቅ አካፋውን አነሣ። በፈሪሃ አጠገብ ሲያልፍ ቆም ብሎ «አሁን ገባዎት?» አላት።

«ገባኝ።»

«የእኔ ማሾ ግን ደርቋል» አለና አለፈ።

የፈሪሃም ሽንኩርት ደረቀ። ስትነቅለው ነጭ ሽንኩርት አክሎ ወጣ፤ ሩዋይዳ በቁና ይዛ «ይሄን ለማን እንሽጠው፣ ለአሻንጉሊት?» ብትል ጊዜ ፈሪሃ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ለወንድሟ ይሁን ለሽንኩርቱ እሷም አልለየችው። የተክሌ ሽንኩርት ግን ተረፈ፤ ከዚያም ወዲህ ተራውን አግኝቶ አኮረተ። ሸዋዬ ባሏን ተደብቃ ፓፓያ ትልክላታለች። ተክሌ ቦዩ ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይራል።

ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ዝናቡ ገና ሳይመጣ፣ ጋሽ ተመስገን አረፉ። አገሩ ሁሉ ነቅሎ ወጣ። ሙስሊሙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘ፤ ተክሌ እንደ ወትሮው ዶማውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ውስጥ ገብቷል። ፈሪሃ በሩ ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ሳለ ሐሜቱ ጆሮዋ ገባ። ሰዲቅ የለም! እንደ አባት ሆነው ካሳደጉት፣ አካፋውንም ከሰጡት ሽማግሌ ቀብር ቀረ! «ሹመት አሰከረው» አለች አንዷ። «እሱስ ድሮም ቂመኛ ነው» አለች ሌላዋ።

የፈሪሃ ደም ፈላ። በቀጥታ ልትሰድበው ነው የሄደችው፤ ሴቶቹን ጥላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በቦዩ ዳር እየተንደረደረች። የውሃ አባት ሆነህ ለሬሳ አትወጣም? አካፋ ነፍስ ይበልጣል? ምን ምን እንደምትለው መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳ ነበር።

ሰዲቅን ያገኘችው ተክሌ ማሳ ውስጥ ነው። ሽርጡን ሰብስቦ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ፣ ውሃውን ከመደብ ወደ መደብ ያዞራል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች። ስድቡ ሁሉ ጠፋባት።

«ተራው የጋሽ ተክሌ ነው። እሳቸው መቃብር እየቆፈሩ ነው፤ ስለዚህ እኔ አጠጣላቸዋለሁ።»

«ሕጉስ?»

«ሕጉን አልነካሁትም። ተራ አይሸጥም፤ አልተሸጠም። አይሰጥም፤ አልተሰጠም። ለቅሶ ሰበብ አይሆንም፤ ይኸው አልሆነም።» አካፋውን ወደ ውሃው ጠቆመ። «ተራው የሳቸው ነው፣ ውሃው የሳቸው ማሳ ላይ ነው።»

ፈሪሃ ቦዩ ዳር ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ሕግ፣ ያ ሁሉ ንዴት፣ የደረቀው ማሾ፣ የደረቀው ሽንኩርት! የሚያስፈልገው አንድ ሰው ከቀብሩ ቀርቶ፣ ሐሜቱን ችሎ፣ እዚህ መቆሙ ብቻ ነበር? ይሄን ያህል ዓመት አካፋ ተሸክማ የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይቅደም ስትል አንድ ቀን እንኳ አልመጣላትም። በንዴት ጭኗን መታች።

«ማን አስተማረህ ይሄን?»

«ማንም አላስተማረኝም።» ሰዲቅ ላቡን በክንዱ ጠረገ። «እናቴ የተቀበረች ቀን አፈር እየመለስኩ፣ ዞር ዞር እያልኩ ማሳዬን አይ ነበር። አንድ ሰው ቢቆምልኝ ብዬ። አካፋውን የያዙት አንቱ ነበሩ። አንቱ ደግሞ ቤታችን ሴቶቹ መሀል ተቀምጠው እናቴን ያለቅሱ ነበር።»

አልተቆጣም፣ አልወቀሳትም። እንዲሁ ተናገረውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ፈሪሃ ተነሣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጭቃው ውስጥ ገባችና እጇን ዘረጋች።

«አምጣ።»

«ምን?»

«አካፋውን አምጣ! ሰው ሲያማህ ነው የዋለው። እኔ እዚህ አለሁ፤ አንተ ሩጥና ድረስ፣ ገና አልተመለሱም።»

ሰዲቅ አመነታ። ከዚያ አካፋውን ሰጣትና እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ሮጠ።

ፈሪሃ የቀረውን መደብ አንድ በአንድ አጠጣች። ጀርባዋ ቆረጣት፤ ፀሐዩ አናቷን በላው፤ ከማዶ የራሷ የደረቀ ማሳ አፈጠጠባት። የመጨረሻውን መደብ ስትከፍት ኮቴ ሰማች። ተክሌ ነው፤ ዶማው ትከሻው ላይ፣ የመቃብሩ አፈር እስከ ቅንድቡ። ማሳው ውስጥ እሷን አካፋ ይዛ ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ። አፉን ከፈተ።

«እንዳይናገሩኝ፣ ጋሽ ተክሌ!» አለች ፈሪሃ ቀድማ፣ አገር እስኪሰማ ጮኻ። «ተራው ያንቱ ነው!»